የሶዶ - አርባ ምንጭ መንገድና የሁምቦ ተራራማ ደን፦ ለትርፍ ያልቆሙ አጋሮች ሚና እና የነዋሪዎች መብትና ግዴታ

ይህ ጽሑፍ በወላይታ ዞን በተለይም በሁምቦና በአጎራባች ወረዳዎች የሚኖሩ ዜጎች ለትርፍ ካልቆሙ ድርጅቶች ጋር በመተባበር የተራራ ደንን፣ የውሃ ምንጭንና የመንገድ ዳር አካባቢን ለመጠበቅ ሲፈልጉ ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል። አጋር ድርጅቶች ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ሊሠሩ እንደማይችሉ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መብት እስከ ምን እንደሆነ እንዲሁም ጥያቄና አቤቱታ የሚቀርብባቸውን አካላት ያሳያል።

መንገዱ እና በላዩ ያለው ተራራ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። መንገዱ ከሶዶ ከተማ ተነሥቶ በሁምቦ ጠበላ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ይወርድና የአባያ ሐይቅን ምዕራባዊ ዳርቻ እየተከተለ፣ የምዕራብ አባያን የሙዝ እርሻዎች አቋርጦ አርባ ምንጭ ይደርሳል። ከኋላ የዳሞታ ተራራ፣ ከፊት ሐይቁና የጋሞ ተራሮች የሚታዩበት በመሆኑ በደቡብ ኢትዮጵያ በመልክዓ ምድራቸው ከሚታወቁ ጉዞዎች አንዱ ነው። ለነዋሪዎች ግን መንገዱ ከሁሉ በፊት ምርት ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርስበት ነው።

የመንገዱ ደኅንነት የሚወሰነው በአስፋልቱ ጥራት ብቻ አይደለም። ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት ሲራቆት ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ጎርፉ ይዞት የመጣው አፈርና ድንጋይ የመንገድ ዳር ቦዮችንና የውሃ ማሳለፊያ ቱቦዎችን ይደፍናል፤ መውጫ ያጣው ውሃም የመንገዱን ትከሻ ይሸረሽራል። ቦረቦር በየክረምቱ ወደ ላይ እየሰፋ ሲሄድ እርሻን ብቻ ሳይሆን መንገድንም ይበላል። የአባያ ሐይቅ ውሃ የሚታወቅበት ቀይ ቡናማ ቀለም በውስጡ ከተንሳፈፈው ደለል የመጣ ነው። ከላይኛው ተፋሰስ የሚታጠበው አፈር በሐመሳና በብላቴ በመሳሰሉት ወንዞች አማካይነት ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል።

የተዳፋት መሬት አደጋ በክልሉ በቅርቡ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ240 በላይ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው ክረምት በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በመሆኑም የተራራ ጥበቃ የመልክዓ ምድር ውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

የሁምቦ ተሞክሮ

በአካባቢው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት፣ ነዋሪዎችና መንግሥት በጋራ ከሠሯቸው ሥራዎች በስፋት የሚታወቀው የሁምቦ ማኅበረሰብ አቀፍ የተፈጥሮ ደን መልሶ ልማት ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ የተጀመረው መንገዱን ለመጠበቅ ተብሎ አልነበረም። የተራቆተውን ተራራ መልሶ ለማልበስ፣ ምንጮችን ለመታደግና ነዋሪዎችን ከድርቅና ከጎርፍ ተጋላጭነት ለመቀነስ ነበር። ይሁን እንጂ ተራራው የሚይዘው ውሃና አፈር ከታች ላለው እርሻ፣ መንደርና መንገድ ሁሉ የሚተርፍ ነው።

የሁምቦ ተራራማ አካባቢ ቀድሞ በደን የተሸፈነ ሲሆን ለእርሻ፣ ለማገዶና ለከሰል ሲባል በተካሄደ ጭፍጨፋ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው ተራቁቷል። የደኑ መጥፋት ያስከተለው የአፈር መሸርሸርና የምንጮች መድከም ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል።

ወርልድ ቪዥን ኢትዮጵያ ከወርልድ ቪዥን አውስትራሊያ ጋር በመሆን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከነዋሪዎች፣ ከወረዳውና ከክልሉ መንግሥት ጋር ውይይት አካሂዷል። በዚህም መሠረት 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ከልቅ ግጦሽና ከእንጨት ቆረጣ ተከለለ፤ ሰባት የደን ልማትና ጥበቃ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ማኅበራቱም በክልላቸው ውስጥ ባለው ደን ላይ የተጠቃሚነት መብት ማረጋገጫ ተሰጣቸው።

ፕሮጀክቱ በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ሥር ባለው የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቧል። በዚህ አሠራር ከተመዘገቡ የአፍሪካ የደን ፕሮጀክቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ30 ዓመታት ውስጥ ደኑ 880,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚያስወግድ ተገምቷል።

ደኑ የተመለሰበት ዘዴ

ከተከለለው መሬት አብዛኛው የለማው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን በመሬት ውስጥ ሕይወት ያላቸውን የቀድሞ ዛፎች ጉቶና ሥር በመንከባከብ ነው። ችግኝ የተተከለው ጉቶ ባልተገኘበት ቦታ ነው። ዘዴው በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በምዕራብ አፍሪካዊቷ ኒጀር በአውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ አስተባባሪነት የተስፋፋ ነው። ባለሙያው ለዚህ ሥራቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ‹‹ራይት ላይቭሊሁድ›› የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

አፈጻጸሙ ቀላል ሲሆን ክትትል ግን ይጠይቃል፦

- ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት በርካታ ቀንበጦች መካከል ቀጥ ያሉና ጠንካራ የሆኑ ጥቂቶች ይመረጣሉ፤ ሌሎቹ ይቆረጣሉ።
- በተመረጡት ግንዶች ላይ ያሉ የታችኛው ክፍል ቅርንጫፎች ይመለመላሉ።
- አዳዲስ ቀንበጦች በየጊዜው ይነቀሳሉ፤ የሚቆረጠው እንጨት ለማገዶ ይውላል።
- ዛፉ ከከብት አፍ እስኪያመልጥ ድረስ ቦታው ከግጦሽ ነጻ ይሆናል።

የዘዴው ጥቅም ወጪው አነስተኛ መሆኑና ሥሩ ቀድሞ በመሬት ውስጥ ያለ ስለሆነ ዛፉ ከችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ማደጉ ነው። በተጨማሪም የሚመለሰው እንደ ግራር፣ ወይራና ዋንዛ ያለ ለአካባቢው አየርና አፈር የተስማማ አገር በቀል ዛፍ ነው። በተሸረሸሩ ቦታዎች ደግሞ እርከን፣ የድንጋይ ክትርና ሣር ተከላ አብረው ይሠራሉ። በጋሞ ዞን ጨንቻ አካባቢ የሚታወቀው ደሾ ሣር አፈርን አጥብቆ የሚይዝና ለከብት መኖ የሚሆን በመሆኑ ለዚህ ተግባር ተመራጭ ነው።

የካርቦን ገቢው እና እውነተኛው ጥቅም

ብዙ ዜጎች የደን ጥበቃ ፕሮጀክት ከፍተኛ ገንዘብ ያስገኛል ብለው ይጠብቃሉ። ስለዚህ የሁምቦን ቁጥሮች በግልጽ ማየት ይጠቅማል። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ከፕሮጀክቱ 165,000 ቶን የካርቦን ቅነሳ ቢያንስ በ10 ዓመታት ውስጥ ለመግዛት የተዋዋለ ሲሆን፣ ይህ ለማኅበራቱ 726,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ የሚያስገኝ ነው። ገንዘቡ ለ2,728 ሄክታር ሲከፋፈል በአሥር ዓመት ውስጥ በአንድ ሄክታር 266 ዶላር ገደማ፣ በዓመት ደግሞ ከ27 ዶላር ያልበለጠ ይሆናል። ሆኖም ገቢው ለማኅበራቱ እንደ እህል መጋዘንና ወፍጮ ላሉ የጋራ ተቋማት መነሻ ሆኗል።

በንጹሕ ልማት አሠራር ለደን የሚሰጠው የካርቦን ምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነው። ደኑ ቢቃጠል ወይም ቢቆረጥ የተያዘው ካርቦን ወደ አየር ስለሚመለስ፣ ደኑ መኖሩ በየጊዜው ተለክቶ ይረጋገጣል። ክፍያውም በውል የተገደበ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ነዋሪው ተራራውን ለረጅም ዘመን እንዲጠብቅ የሚያደርገው የካርቦን ክፍያ ብቻ ሊሆን አይችልም። በየዓመቱ የሚታጨደው ሣር፣ ከምልመላ የሚገኘው ማገዶ፣ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ፣ በክረምት በጎርፍ የማይታጠብ ማሳና የማይቆረጥ መንገድ ከዚያ የሚበልጥ ድርሻ አላቸው። ለማኅበር አባልነት የሚመዘገብ ዜጋም ጥቅሙን በዚህ መንገድ አስልቶ ቢገባ የተሻለ ነው። በተቃራኒው በመከለሉ ምክንያት የግጦሽ መሬት የሚያጡ፣ እንጨትና ከሰል ሸጠው የሚተዳደሩ ወገኖች መኖራቸው የታወቀ ነው። አንድ ቦታ ከመከለሉ በፊት የእነዚህ ወገኖች ጉዳይ በምክክር ካልተፈታ ክልሉ አይጸናም።

ማን ምን ይሠራል?

1. የኅብረት ሥራ ማኅበር። የደኑ ተጠቃሚና ጠባቂ ነው። የውስጥ ደንብ ያወጣል፣ ጥበቃ ያደራጃል፣ የሣርና የማገዶ አጠቃቀምን ይወስናል፣ ገቢውን ያስተዳድራል። በጠቅላላ ጉባኤው እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው።

2. ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት። ሥልጠና ይሰጣል፣ የቴክኒክ ጥናት ያካሂዳል፣ ገንዘብ ያፈላልጋል፣ ማኅበሩን ከገዢዎችና ከለጋሾች ጋር ያገናኛል። የደኑ ባለቤት ወይም የማኅበሩ አለቃ አይደለም። ከሁምቦ በተጨማሪ ወርልድ ቪዥን በዳሞታ ተራራ ላይ 503 ሄክታር የሚሸፍን ተመሳሳይ የሶዶ ደን መልሶ ልማት ፕሮጀክት ከማኅበራት ጋር አካሂዷል። የወላይታ ልማት ማኅበርና ተረፔዛ የልማት ማኅበርም በዞኑ በልማት ሥራ የሚታወቁ አገር በቀል ድርጅቶች ናቸው።

3. የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶች። የግብርናና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች የቴክኒክ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የመሬት አስተዳደር ክፍሉ ወሰን ይለያል፤ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ማኅበሩን ይመዘግባል፣ ኦዲት ያደርጋል።

4. የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር። በፌዴራል ደረጃ የሚተዳደሩ አውራ መንገዶችን ይገነባል፣ ይጠግናል። የመንገድ ዳር ቦይ፣ ድልድይና የውሃ ማሳለፊያ ሥራ የዚህ ተቋም ኃላፊነት ነው። አጋር ድርጅት ወይም ማኅበር ያለ ተቋሙ ፈቃድ በመንገዱ ክልል ውስጥ መቆፈር፣ መገንባት ወይም መትከል አይችልም።

5. የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ። በክልሉ የሚገኝ የከፍተኛ ትምህርትና የምርምር ተቋም በመሆኑ ማኅበራትና ወረዳዎች የጥናት ትብብር ሊጠይቁት ይችላሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

- የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የአካባቢ ደኅንነትን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም በሚነደፍበትና በሚፈጸምበት ጊዜም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያረጋግጣል።
- የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት የደን ይዞታዎችን ለይቶ ያውቃል። በመሆኑም ማኅበረሰብ ደን አልምቶ በሕግ የታወቀ ይዞታ ማግኘት ይችላል።
- የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበራትን አመሠራረት፣ የአባላትን መብትና የሒሳብ ቁጥጥር ይወስናል።
- የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ምዝገባና ቁጥጥር ይመለከታል። በዚህ አዋጅ መሠረት የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ድርጅቱ ትርፍ ለአባላቱ ወይም ለሠራተኞቹ ሊያከፋፍል አይችልም።

አንድ ቀበሌ ተራራውን ለማስከለልና አጋር ለማግኘት ምን ያድርግ?

ደረጃ 1፦ የቀበሌው ነዋሪ በጠቅላላ ስብሰባ ይምከር። ሴቶች፣ ወጣቶች፣ መሬት የሌላቸውና ከብት አርቢዎች እንዲገኙ ይደረግ። የሚከለለው ቦታና የሚቀርበት ጥቅም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ደረጃ 2፦ ቃለ ጉባኤው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቅረብ። ባለሙያዎች ቦታውን አይተው ለተፈጥሮ መልሶ ልማት፣ ለችግኝ ወይም ለእርከን ሥራ የሚስማማውን ይለያሉ።

ደረጃ 3፦ ወሰኑ ከአጎራባች ቀበሌዎች ጋር በጋራ ይለይ፤ ምልክት ይደረግበት። ወሰኑ ያልተለየ ደን ለክርክር የተጋለጠ ነው።

ደረጃ 4፦ ነዋሪው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የውስጥ ደንቡ ቅጣትን፣ የሣርና የማገዶ ድርሻን እንዲሁም የገቢ አጠቃቀምን በዝርዝር ሊይዝ ይገባል።

ደረጃ 5፦ የተጠቃሚነት መብት ማረጋገጫው በማኅበሩ ስም እንዲወጣ ይጠየቅ። ዋናው ቅጂ በማኅበሩ፣ ሌላው በወረዳው ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ ከአጋር ድርጅት ጋር ስምምነት ከመፈረሙ በፊት የድርጅቱ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የፕሮጀክቱ ቆይታና በጀት፣ ድርጅቱ ሲወጣ ሥራው የሚተላለፍበት ዕቅድ ይጠየቅ። ስምምነቱ አባላት በሚረዱት ቋንቋ ይነበብ።

የቦታ አስተዳደርን በተመለከተ አንድ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባል። ቀድሞ በሁምቦ ወረዳ ሥር የነበሩ አንዳንድ ቀበሌዎች ዛሬ በአዳዲስ ወረዳዎች ተካተዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ማዕከሉ ቢጠና የሆነው የሆቢቻ ወረዳ ነው። ማስረጃቸው በቀድሞው ወረዳ የተሰጣቸው ማኅበራት ሰነዳቸው ወደ አሁኑ ወረዳ መተላለፉን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የጠፋ ሰነድ ቢኖር በሁለቱም ወረዳዎች መዝገብ እንዲፈለግ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

አጋር ድርጅቱ መሬቴን ሊወስድ ይችላል?
አይችልም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የመጠቀም መብቱ የነዋሪው ወይም የማኅበሩ ነው። ድርጅቱ ድጋፍ መስጠቱ ምንም ዓይነት የይዞታ መብት አያስገኝለትም።

በተከለለው ቦታ ከብት ማሰማራት ይቻላል?
ደኑ በማገገም ላይ እያለ አይቻልም። ሣሩን በማኅበሩ ደንብ መሠረት አጭዶ ወደ ቤት መውሰድ ግን ይቻላል።

የደረቀ እንጨት መልቀም ይፈቀዳል?
ማኅበሩ በሚወስናቸው ቀናትና መጠን ይፈቀዳል። እርጥብ ዛፍ መቁረጥና ከሰል ማክሰል የተከለከለ ነው።

አባል ካልሆንኩ ከደኑ ምንም አላገኝም?
ምንጩና የጎርፍ መቀነሱ የሁሉም ጥቅም ነው። የሣር፣ የማገዶና የገቢ ድርሻ ግን በማኅበሩ ደንብ ይወሰናል። አዲስ አባል ለመሆን ለማኅበሩ ሥራ አመራር በጽሑፍ ያመልክቱ።

የማኅበሩን ሒሳብ ማየት እችላለሁ?
አባል ከሆኑ መብትዎ ነው። የኦዲት ሪፖርት ለጠቅላላ ጉባኤው መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣ ምን ይሆናል?
የማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት፣ የደን ተጠቃሚነት መብቱና ግዴታው እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ የጥበቃ ወጪን ከማኅበሩ የራሱ ገቢ መሸፈን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባል።

በመንገዱ ዳር ቦረቦር፣ የተደፈነ ቱቦ ወይም የተሰነጠቀ ተዳፋት ካየሁ ለማን ላሳውቅ?
ለቀበሌዎ አስተዳደርና ለወረዳው ያሳውቁ፤ እነርሱ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ያስተላልፋሉ። በተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ከታየ ከሥሩ የሚኖሩ ሰዎች ሳይዘገዩ ወደ ተሻለ ቦታ እንዲዛወሩ ማድረግ ያስፈልጋል።

አቤቱታ የት ይቀርባል?
በማኅበር አሠራር ላይ ለወረዳው ከዚያም ለዞኑ ኅብረት ሥራ አካል፤ በድርጅት አሠራር ላይ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ወይም ድርጅቱን ለመዘገበው የክልል አካል፤ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የአስተዳደር በደል ላይ ደግሞ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይቻላል።

ለተጓዦች

በመንገዱ የሚጓዙ ዜጎችም ድርሻ አላቸው። በተከለለ ደን አጠገብ እሳት አለማንደድ፣ የሲጋራ ቁራጭና የፕላስቲክ ጠርሙስ አለመጣል፣ በመንገድ ዳር ከሰል ከመግዛት መቆጠብ ተራራውን በቀጥታ ይጠብቃል። ከሰል የሚገዛው እስካለ ድረስ የሚያከስለው አይጠፋም። በምትኩ ከአርሶ አደሩ ሙዝ፣ ማርና ፍራፍሬ መግዛት የመንገዱን ዳር ነዋሪ ይደግፋል።

ማጠቃለያ

የሁምቦ ተሞክሮ እንደሚያሳየው አጋር ድርጅት እውቀትና ገንዘብ ያመጣል፤ መንግሥት ሕግና ባለሙያ ያቀርባል፤ ተራራውን ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው ግን ነዋሪው ነው። ድርጅት በውል የገባ እንግዳ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። ማኅበሩ፣ ማረጋገጫ ሰነዱና የውስጥ ደንቡ ጠንካራ ከሆኑ ከእርሱ መሄድ በኋላም ደኑ ይቆያል። በመሆኑም ማኅበራት ሰነዳቸውን እንዲያጠናክሩ፣ አባላት በጉባኤያቸው በንቃት እንዲሳተፉ፣ በአዲስ መልክ ለመደራጀት የሚፈልጉ ቀበሌዎችም ከላይ የተዘረዘሩትን ደረጃዎች ተከትለው በየወረዳቸው ግብርናና ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች አገልግሎቱን እንዲጠይቁ እናሳስባለን።